ስለ ቀለጠው ቅቤዬና ስላልቀለጠው ቅቤዋ

ለተከበሩ የአውሮፕላን ማረፊያው የእጅ ሻንጣ ፍተሻ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን፣ ቅሬታ ማሰማትንና አንድ አነስተኛ ትብብር መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለፍተሻ ማሽንዎና ከማሽኑ አጠገብ ለቆመችው አሮጌ ቬንትሌተር የማይጓደል ጤና እመኛለሁ። ቬንትሌተሯን ለይቼ ያነሳኋት በዚያ አዳራሽ ውስጥ በእኔ ላይ በደረሰው ነገር አዝና አንገቷን ወዲያና ወዲህ ስትነቀንቅ ያየኋት እሷን ብቻ ስለሆነ ነው። የመጋቢት ሙቀት እርስዎን እንዴት እንደያዘዎት ባላውቅም፣ ቢሮዎ ውስጥ ኤሲ እንዳለ ከታመነ ሰው ስለሰማሁ ስለ ደኅንነትዎ እምብዛም አልሰጋሁም፤ እንዲያውም ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ብርድ እንዳይመታዎ ከላይዎ ላይ አንድ ነገር ጣል እንዲያደርጉ በጤና ባለሙያነቴ እመክራለሁ።

እኔ ሲስተር ሙሉብርሃን እባላለሁ፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከደጀን ተመድቤ ስመጣ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ብዬ ሻንጣዬን በቅጡ ሳልፈታ የተቀመጥኩባት ጋምቤላ ውስጥ ልጅ ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ድሬ፣ አሁን ደግሞ የጡረታ ደብዳቤዬን እየጠበቅኩ ነው። ጎግ ላይ በባትሪ ብርሃን፣ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ደግሞ ድንኳን ውስጥ አዋልጃለሁ። ከእርስዎ ሠራተኞች መካከልም ልጇን በእኔ እጅ የተገላገለች አንዲት ሴት አለች፤ ስለ እሷ ዝቅ ብዬ ስለማነሳ ለጊዜው ይቆየን።

ነገሩን በሚገባ እንዲረዱልኝ ከቤተሰቤ ልጀምር። አንድ ልጄ ቤዛ፣ ኩዌት የሚባል የኢታንግ ልጅ አግብታ አዲስ አበባ ትኖራለች። ኩዌት ጨዋ ልጅ ነው፤ ይሠራል፣ ያከብረኛል፣ ሚስቱን ይወዳል። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ እናት አለችው። እናቱ ኛሉዋል ትባላለች። እኩዮች ስለሆንን አንቺ እንባባላለንና በዚህ ደብዳቤ ውስጥም እሷ ብዬ ብጠራት እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ከብት ያላት፣ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል፣ ስትስቅ ጎረቤት ሁሉ የሚሰማት ሴት ናት፤ ያየ ሁሉ ይወዳታል። እኔም እወዳት ነበር፤ ልጄ እስክታረግዝ ድረስ።

የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ አራሷን የምታርሰው የራሷ እናት መሆኗን ለእርስዎ ማስረዳት ውኃን ውኃ ነው ብሎ እንደ መንገር ይሆንብኛል። ገንፎውን የምታገነፋው፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውን የምታፈስበት፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ የምታጎርሰው እናት ናት። ስንቷን የሰው ልጅ አዋልጄ፣ እናቷ ሳህን ይዛ ስትገባ ከበሩ ዞር እያልኩ፣ የእኔም ተራ ይደርሳል እያልኩ ኖሬያለሁ። ተራዬ ሲደርስ እህቴ ከደጀን በአውቶቡስ የላከችልኝን ለጋ ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ ራሴ አነጠርኩት። ባለፈው ጊዜ ጭነት ውስጥ አስገብቼው ሻንጣ ሙሉ ልብስ ስላበላሸብኝ፣ ዘንድሮ ከእጄ አይለይም ብዬ ቢጫ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ሞልቼ በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩት። ቤዛ በሰላም ሴት ልጅ መገላገሏ እንደተነገረን እኔና ኛሉዋል በአንድ አውሮፕላን ልንሄድ ወደ እርስዎ ደጃፍ መጣን። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ያለ ቁጥር የቀረበለትን አቤቱታ እንደማያነብ ከረጅም የመንግሥት ሥራ ዘመኔ ተምሬአለሁ።

አንደኛ። ሠራተኛዎ ወ/ሮ ዶርቃ የቅቤዬን ዕቃ ከቦርሳዬ አውጥታ ወደ ቀኝ አዘነበለችው፤ ቅቤው ወደ ቀኝ ሄደ። ወደ ግራ አዘነበለችው፤ ወደ ግራ ሄደ። ከዚያም ከልቧ አዝና «ሲስተርዬ፣ ይቅርታ አርጊልኝ፤ ይሄ ይፈሳል፤ የሚፈስ ነገር በእጅ አይሄድም» አለችኝ፤ ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ እንደማይፈቀድ የሚያሳየውን ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሥዕልም በጣቷ ጠቆመችኝ። እኔም ሥዕሉ ላይ ያለው ጠርሙስ እንጂ ቅቤ አለመሆኑን፣ ቅቤ ምግብ እንጂ መጠጥ አለመሆኑን፣ ይኸው ቅቤ ደጀን ላይ በቢላ እንደሚቆረጥና አዲስ አበባ ሲደርስም ተመልሶ እንደሚረጋ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የቅቤው ሳይሆን የከተማችን አየር መሆኑን በዝርዝር አስረዳሁ። አልተሳካልኝም። ጋምቤላ ላይ የቀለጠ ሁሉ ፈሳሽ ከተባለ እኔ ራሴ ከማለዳ ጀምሮ ስፈስ ነበርና፣ ከመቶ ሚሊ ሊትር እጅግ የበዛሁ ሆኜ ሳለ እንዴት እንዳሳለፋችሁኝ እስካሁን ይገርመኛል፤ ለዚህ ቸርነታችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ያቺ ከላይ ይቆየን ያልኩዎት ሴት ደግሞ ይህችው ዶርቃ ናት። የበኩር ልጇን አምጣ አልወለድ ሲላት እጄን ጨብጣ «እንዳትለቂኝ» ስትል የነበረች ናት፤ አልለቀቅኳትም። እሷም ደንቡን አለመልቀቋ ሊያኮራኝ ይገባል፤ ለመኩራት እየሞከርኩ ነው።

ሁለተኛ። ከእኔ ቀጥላ የተሰለፈችው ኛሉዋል ነበረች። ቦርሳዋ በማሽኑ ሲያልፍ ስክሪኑን የሚመለከተው አቶ ወንዳፍራሽ ዓይኑን አጥብቦ አየና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ፤ እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። ከቦርሳው የወጣው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንገቱ ላይ ዶቃ የታሰረበት ቅል ነበር። ዶርቃ ክዳኑን አንስታ ወደ ቀኝ አዘነበለችው፤ ምንም አልሄደም። ወደ ግራ አዘነበለችው፤ አሁንም ምንም። ጣቷን ከትታ በጥፍሯ ቆረቆረችው፤ ውስጡ ያለው የላም ቅቤ በር እንደ ማንኳኳት ያለ ድምፅ ሰጠ። በዚያ ሙቀት፣ እኔ ቅንድቤ ሳይቀር እየተንጠባጠበ፣ የእሷ ቅቤ ድንጋይ ሆኖ ቁጭ ብሏል! ወንዳፍራሽ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ እያገላበጠ አደነቀው፤ ዶቃውን ማን እንደሠራው ጠየቃት፤ እሷም ሳቀች፤ ዶርቃም ሳቀች፤ ከኋላ የተሰለፈው መንገደኛም ምን እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ። «እለፊ እናቴ» ተባለችና አለፈች። የእኔ ዕቃ ጠረጴዛው ጥግ ላይ እንደ ተከሳሽ ቆሞ፣ የእሷ ቅል እንደ ሙዚየም ዕቃ ተሸኘ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ ሲባል በምን እንደሚታወቅ ያን ቀን ፊቷ ላይ አየሁት፤ ዓይኔ መቅላቱን አልክድም።

በዚህ ረገድ በደላችሁ ድርብ መሆኑንም ልጠቁምዎ። ቢያንስ ዘመድ ለዘመድ ተባብሮ ነው ብዬ እንዳልጽናና፣ ዶርቃ አኙዋ፣ ኛሉዋል ኑዌር፣ ወንዳፍራሽ ደግሞ ጭራሽ የእኔው የደጀን አካባቢ ልጅ ሆኖ ተገኘ። አዳራሹን በዓይኔ ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ የምከሰው ሰው አጣሁ። ንጹሕ አሠራር ለተበዳይ ሰው ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

ሦስተኛ። አማራጭ አልተሰጠኝም ብዬ እንዳልዋሽ አማራጮች ተሰጥተውኛል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ተመልሰሽ በጭነት አስገቢው ተባልኩ፤ ተመልሼ ስሄድ የጭነት መቀበያው ተዘግቷል። ለሸኘሽ ሰው ስጪው ተባልኩ፤ የሸኘኝ ባለ ባጃጁ መሐመድ ነው፤ መሐመድ ደግሞ መንገደኛ አውርዶ የሚዘገይ ሰው አይደለም፤ በር ላይ ስደርስ ያየሁት አቧራውን ብቻ ነው። ያለው ምርጫ መተው ወይም እዚያው ቆሞ መጠጣት ነበር። መጠጣቱን በእውነት አስቤበት ነበር፤ ያስቆመኝ ሁዳዴ መግባቱ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ለዶርቃ ሰጥቼ፣ ጫማዬን አድርጌ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ አለፍኩ። ጫማዬን ያደረግኩት ግራና ቀኙን አቀያይሬ መሆኑን ያወቅኩት አውሮፕላን ውስጥ ነው።

አራተኛ። ከቦርሳዬ የተወሰደብኝን የጥፍር መቁረጫ በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ዕድሜ ልኳን እትብት ስትቆርጥ የኖረች አዋላጅ በጥፍር መቁረጫ አብራሪ ታስፈራራለች ብላችሁ መስጋታችሁን እንደ አድናቆት ቆጥሬዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የሚፈራኝ ሌላ መሥሪያ ቤት የለም።

አምስተኛ። ይህኛው እኛን አይመለከትም ይሉኝ ይሆናል፤ ይመለከታችኋል። አውሮፕላኑ ውስጥ ኛሉዋል ከእኔ አጠገብ ተቀምጣ ቅሉን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስተኝታው ነበር። ልጠይቃት አልፈለግኩም፤ ግን ጠየቅኳት። የወንድሟ ልጅ ያክ ባሮ ዳር ዓሣ ይሸጣል፤ ቅሉን በእሱ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ከዓሣው ጋር አሳድራው ነበር። «በረዶ ቤት አደረ፤ ጠነከረ» አለችኝ በቀላሉ። ብስኩቷን ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ጾመኛ ነኝ ብዬ መለስኩላት። በዚያች ሰዓት የቀረኝ ተስፋ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጄ ካረገዘች ጀምሮ የዓሣ ሽታ ሲደርስባት ወደ ውጭ የምትሮጥ ሆና ነበር፤ ይህ ቅቤ ደግሞ ከዓሣ ጋር ያደረ ነው። አዲስ አበባ ወርደን ብርዱ ሲቀበለን፣ ቅቤዬ እዚህ ቢደርስ ኖሮ በራሱ ጊዜ ይረጋ እንደነበር እያሰብኩ፣ ግን ያችን ተስፋዬን ይዤ ልጄ ቤት ገባሁ።

ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም ሊወስድብኝ አይችልም። ጓል የሌለበት፣ የሚያምር ገንፎ ነበር። መሐሉን ጎድጎድ አደረግኩና እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ ላይ ግን የሚፈስ ነገር አልነበረም። ኛሉዋል ቅሏን አምጥታ በማንኪያ እየፈለጠች ጨመረችበት፤ ቅቤው በገንፎው ትኩሳት ቀለጠ። እንግዲህ ቅቤ ማቅለጥ ወንጀል የሚሆነው በእናንተ አዳራሽ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ጾም ላይ ስለሆንኩ ቀምሼ እንከን እንኳ ላወጣለት አልቻልኩም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ልጄን አጎረስኳትና ፊቷን ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ አሸተተችው። አሁን ትተፋዋለች ብዬ ጎድጓዳ ሳህን ሁሉ አቅርቤ ነበር። ቤዛ ግን ዓይኗን ጨፈነች፤ ከተጨፈነው ዓይኗ እንባ ወረደ፤ «እማዬ» አለችኝ፣ «ቤት ቤት ይሸታል።»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ለአፍታ ሹፈቴን እንዳቆም ይፍቀዱልኝ። ልጄ ስታድግ ሁልጊዜ አገር ቤት እያልኩ የምነግራት ስለ ደጀን ነበር። በርበሬው ከዚያ፣ ሽሮው ከዚያ፣ ቅቤው ከዚያ ሲመጣ የኖረው ልጄ የእኔን ቤት ሽታ ይዛ እንድታድግ ብዬ ነው። አንድ ክረምት ወስጃት ባሮን እያለች አልቅሳ መልሳኛለች፤ ልጅነት ነው ብዬ ተውኩት። ለካ ልጄ ቤት የምትለው ዓሣ የሚሸጥበትን፣ ከብት ከኢታንግ የሚመጣበትን፣ እኔ መስኮት የምዘጋበትን ሽታ ኖሯል። እኔ ለሁለት ዓመት ብዬ የመጣሁበት ቦታ የልጄ አገር ነው። ኛሉዋል ይህን አታውቅም፤ ልታሸንፈኝም አልመጣችም፤ ቅቤ ብቻ ነው ያመጣችው። የገንፎ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀናሁ። በሰው ባል ቀንቼ የማላውቅ ሴት፣ በቅል ቀናሁ።

ስድስተኛ። ከሁሉ የከፋው በደላችሁ ይህ ነው። የዓመት ፈቃዴ አልቆ ስመለስ፣ መቼም ቅቤዬን በልታችሁት ይሆናል፣ ቢያንስ ሌቦች ብዬ አንጀቴን አርሳለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ መጣሁ። ዶርቃ ከሩቅ አይታኝ እየሮጠች መጣችና ዕቃዬን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ፣ ላዩ ላይ «የሲስተር ሙሉብርሃን፣ አደራ» ተብሎ ተጽፎበታል። አንዲት ማንኪያ እንኳ አልጎደለም። «ጠበቅኩልሽ» አለችኝ፤ ልጇ መራመድ መጀመሩንም በስልኳ አሳየችኝ። ያን ሁሉ ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩት፤ ልጁንም ሳሚልኝ አልኳት። ሰው ተበድሎ ሌባ ብሎ የመሳደብ መብቱን እንኳ የሚነጠቅበት አገልግሎት ሌላ የት ይገኛል? ቅቤው አሁን መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ እንደቀለጠ ነው።

አሁን ወደ ትብብሩ ልምጣ። ልጄ ቤት የነበረችው የቤት ሠራተኛ ወደ አገሯ ስለሄደች አራሷን የሚያግዝ፣ ሕፃኗን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የልጅ ልጃችን አቢጋኤል ትባላለች፤ ሁለታችንም ያልተጣላንበት ብቸኛ ስም እሱ ነው። እኔ ፈቃዴን ጨርሻለሁ፤ ጡረታዬ እስኪወጣ ከማዋለጃ ክፍሉ ንቅንቅ ማለት አልችልም። ተመልሳ የምትሄደው ኛሉዋል ናት፤ የምትቀመጠውም ለብዙ ወር ነው። ቅሏን ይዛ፣ ሳቋን ይዛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በእርስዎ ማሽን ታልፋለች። አቢጋኤል አንዷን አያቷን በሽታዋ፣ በዘፈኗ፣ በጀርባዋ ሙቀት እያወቀች ታድጋለች፤ ሌላዋን ደግሞ እሑድ እሑድ «ሃሎ፣ ይሰማል?» በምትል የስልክ ድምፅ። አራሷ ጸጉሯን ስትቀባ በኛሉዋል ቅቤ ነው፤ ገንፎዋን ስትበላ በኛሉዋል ቅቤ ነው፤ ሕፃኗ እናቷን ስታሸት የምታሸተው የኛሉዋልን ቅል ነው። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ስለሆነም የእኔ ቅቤ ይፈቀድልኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ ደንብ ደንብ ነው። የምለምነው ሕግ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ብቻ ነው። ኛሉዋል ስትመጣ ቅሏን ተቀብላችሁ በምሥራቁ መስኮት በኩል፣ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ በምትገባበት ላይ አስቀምጡልኝ። ቬንትሌተሯን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩልኝ፤ እምቢ እንደማትል አምናለሁ። እስከዚያ ድረስ ወንዳፍራሽ ስለ ዶቃው እየጠየቃት ያቆያት፤ ጨዋታ ትወዳለችና አይሰለቻትም። ከዚያ ዶርቃ ወደ ቀኝ ታዘንብለው፣ ወደ ግራ ታዘንብለው፤ ቅቤው እንደ እኔው ቅቤ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ «ኛሉዋልዬ፣ ይቅርታ አርጊልኝ፤ ይሄ ይፈሳል» ትበላት። በዚያው የሐዘን ድምፅ። ሌላ አልጠይቅም። ፊቷን የሚያይልኝ ሰው ቢገኝና ስልክ ቢደውልልኝ ደግሞ ውለታውን እስክሞት አልረሳውም።

ለዚህ አነስተኛ ትብብር ቀና ምላሽዎን በመጠባበቅ፣ ማሽንዎ እንዳይበላሽ፣ ኤሲዎ እንዳይጠፋ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የጠርሙስ ሥዕልም ቀለሙ እንዳይለቅ እየጸለይኩ፣ ጫማዬን ለማውለቅ፣ ቀበቶዬን ለመፍታት፣ እጄን ለመዘርጋትና ያለኝን ሁሉ ለማስረከብ ምንጊዜም ዝግጁ የሆንኩ፣

ትሑት መንገደኛዎ፣ የደጀን ልጅ፣ የጋምቤላ እናት፣ ቅቤ አልባዋ የአራስ አራሽ

ሲስተር ሙሉብርሃን

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ዶርቃ፣ ለሥራዋ ጥራት፤
ለአቶ ወንዳፍራሽ፣ ስለ ዶቃው ተጨማሪ ጥያቄ እንዲያዘጋጅ፤
ለልጄ ለቤዛ፣ እንዳታነበው፤
ለኛሉዋል፣ በፍጹም አይድረሳት።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ በከተማችን የፌስቡክ ገጽ ላይ ልለጥፈው ስል በሬ ተንኳኳ። ኛሉዋል ነበረች፤ ጎንበስ ብላ ገባች። ሳትቀመጥ መደርደሪያዬን በዓይኗ ፈለገችና «ሲስተር፣ ያንን ቅቤ አምጪ፤ ያክ ጋ በረዶ ቤት አስገባዋለሁ። ቤዛ የእናቷን ቅቤ ሳትበላ እንዴት አራስ ትባላለች?» አለችኝ። ያን ጊዜ ስልኬን ደረቴ ላይ ደበቅኩት። ዕቃውን ሰጠኋት፤ ዓሣ ዓሣ እንዲሸት ከዓሣው አጠገብ እንድታስቀምጠው አደራ ማለቴንም እርስዎና እኔ ብቻ እንወቀው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የፀሐይዋንና የመስኮቱን ጉዳይ ለጊዜው ያቆዩልኝ፤ በቦርሳዋ ውስጥ የእኔም አለበትና ቶሎ ያሳልፏት፤ ቬንትሌተሯንም ወደ እሷ ያዙሩላት። ለይታችሁ ማቅለጥ የምትችሉ ከሆነ ግን ልመናዬ እንደጸና ነው፦ ቢጫ ክዳን ያለውን እንዳትነኩብኝ።